የባዶ እጅ ቡጢ በአርባኛው ፎቅ

በእኛ ሕንፃ ሰው የሚነቃው በሰላምታ ጩኸት ነው። ጠዋት በሩን ከፍቶ የወጣ ሁሉ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ «እንደምን አደራችሁ! ቤተሰብ ሰላም ነው? ልጆች ደህና ናቸው?» እያለ ይጮኻል፤ ጎረቤቱም ገና ሸሚዙን እየቆለፈ ከውስጥ «እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተስ?» ብሎ ይመልሳል። በእንግድነት የመጣ ሰው ፍቅራችን ያስቀናዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ኮሪደሩ ይሰማል፤ የሰማውንም አይረሳም። ሁለት ጎረቤቶች ለረጅም ጊዜ ሰላም ሳይባባሉ ከቆዩ ሕንፃው ራሱ «የከረመ ጠብ» ብሎ ጉዳይ ይከፍትባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያልቀው በቡጢ ጓንት ነው።

ጓንት የሌለው ቤት የለም። ቤት ስንረከብ ከቁልፉ ጋር ነው የሚሰጠን። ከበሩ ጀርባ፣ ከጃንጥላው አጠገብ ይንጠለጠላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እናናፍሰዋለን። ሰው ላይ ሊያርፍ ሲል በራሱ ስለሚያብጥ ማንም አይደማም፣ ማንም ጥርሱ አይወልቅም። የነካውንና የሳተውን የሚቆጥረውም እሱ ነው። ሦስት ዙር ይገጠማል፤ የተሸነፈው ከነቤተሰቡ ወደ ሌላ ሕንፃ ይዛወራል። ይግባኝ የለም። አምና በውሻ ጩኸት ምክንያት ገጥመው የተሸነፉት ጎረቤታችን አቶ ሙላት ሸኖ ነው የደረሳቸው። ሸኖ ድሮ ከአዲስ አበባ ራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች አሉ፤ አሁን አዲስ አበባ አልፏት ሄዷል። ዕቃቸውን የጫነው መኪና ሹፌር አልነበረውም። አቶ ሙላት ማንን እንደሚሰናበቱ ግራ ገብቷቸው የመኪናውን ጎን መታ መታ አደረጉና «በል አደራ እንግዲህ» ብለውት ተሳፈሩ። ውሻው እዚሁ ቀረ፤ አሁንም ይጮኻል።

እኔ ማንያህልሻል እባላለሁ፤ የሕንፃው አሳንሰር አስተናጋጅ ነኝ። አሳንሰሩ ያለ ሰው ይሄዳል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ግን ነዋሪው «ቢያንስ የምናዋራው ሰው አስቀምጡልን» ብሎ አመለከተና እኔ ተቀጠርኩ። አግዳሚ ወንበር አለኝ፣ የሻይ ፔርሙዝ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ድምፅ ማጉያው የሕንፃውን ደንብ ያነባል፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ እኔ ግን ሳልወድ በግዴ እንደ ጸሎት ሸምድጄዋለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ተቀምጬ የማልሰማው የሰው ጉድ የለም። የእኔን ጉድ ደግሞ ሕንፃው በሙሉ ያውቀዋል፤ ባሌና ወንድሜ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል።

አርባኛው ፎቅ ላይ በር ለበር ነው የምንኖረው። ባሌ ዘርጋው አሳንሰሩ ውስጥ ካለ፣ ታናሽ ወንድሜ አንዳርጌ ድንገት የረሳው ነገር ትዝ ይለውና ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዳርጌ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ዘርጋው ጉልበቱን እያሸ አርባ ፎቅ በደረጃ ይወርዳል። እኔ ወጥ በሠራሁ ቁጥር ግማሹን በሳህን ሸፍኜ ኮሪደሩን አቋርጣለሁ። በዓል ሲመጣ ሁለት ቦታ እቀመጣለሁ፣ ሁለት ቦታ እስቃለሁ፣ የትም ሳልጠግብ እተኛለሁ። አንዳርጌ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚበላው ብቻውን ነው። ሳህኑን ሲመልስልኝ ሁልጊዜ አጥቦ፣ አድርቆ ነው። እንደ ባዳ። ያ የታጠበ ሳህን አንጀቴን ይበላዋል።

ጠባቸው በምን መሰላችሁ? በመሬት አይደለም፣ በውርስም አይደለም። በቡጢ ነው። እሱም የራሳቸው ቡጢ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ ከስንት ዘመን በፊት የሞቱ፣ ጓንት የሚባል ነገር ያላዩ ፈረንጆች ቡጢ!

ሁለቱም በወጣትነታቸው ቦክሰኞች ነበሩ። ዘርጋው በዕድሜ ይበልጣል። አንዳርጌን ጓንት ማሰር ያስተማረው እሱ ነው፤ እኔንም ያየኝ አንድ ቀን አንዳርጌን ከልምምድ በኋላ ቤት ሊያደርሰው ሲመጣ ነው። ወንድሜ «ጋሽ ዘርጌ» ሳይል ውሃ አይጠጣም ነበር። በኋላ ሁሉም ሰው መግጠም ሊመጣበት ስለሚችል ነዋሪው ቡጢ መማር ፈለገ፤ እነሱም የጣሪያውን አዳራሽ ይዘው አንድ ላይ ያስተምሩ ጀመር። ሁሉም ነገር ሰላም ነበር፣ ዘርጋው ስለ ድሮ ቡጢ ማንበብ እስኪጀምር ድረስ።

ማንበቡ ባልከፋ። አቋቋሙ ተለወጠብን። ፎቶ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከወገቡ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፤ ሁለት እጁን ከሆዱ ፊት ለፊት ዘርግቶ ይይዛል። ጡጫውን የሚሰነዝረው አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው። ጭንቅላት አይመታም። «ባዶ እጅ ጭንቅላት ላይ ካረፈ የሚሰበረው እጁ ነው፤ የጥንቶቹ ይህን ስለሚያውቁ ከደረት በታች ነበር የሚመቱት» ይላል። ሰው ሲጠጋውም በግራ ትከሻው ገብቶ፣ ዳሌውን አስደግፎ ይጥላል። እቤት ውስጥ ወጥ እያማሰልኩ ስንት ጊዜ ፍራሽ ላይ እንደጣለኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁሌም በግራ። «በግራ ትከሻ ግባ! እግርህ የሚቀድመው ግራው አይደለም ወይ? በቀኝ ከገባህ ሚዛንህ ይጠፋል፣ ሰላም ልትል የመጣህ ነው የምትመስለው» እያለ ተማሪዎቹን ሲጮኽባቸው አሳንሰሩ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

የልጃችን ምርቃት ዕለት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ አንዳርጌ ነገር ጀመረው።

«ጋሽ ዘርጌ፣ በዚህ አቋቋም ዛሬ ሪንግ ብትገባ እኮ አንድ ዙር አትቆይም። እጅህ ሆድህ ላይ፣ ፊትህ ሜዳ ላይ! ያኔ ጓንት ስለሌለ ሰው ፊት ለመምታት ይሰጋ ነበር። ዛሬ ማን ይሰጋልሃል?»

«ጓንት ያመጣባችሁ ስንፍና ነው» አለ ዘርጋው። «ፊታችሁን በትራስ ትሸፍኑና ሆዳችሁን በነፃ ታድላላችሁ። አንተን አንዲት ከደረትህ ስር ባቀምስህ እዚሁ ቁጭ ነው የምትለው።»

እንግዳው ሳቀ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ግን አንዳርጌ ሞቅ ብሎታል፤ ሰውም እየሳቀለት ነው። «ተወው ባክህ» አለ፣ «ድሮም ወደ ኋላ የምታዘነብለው ፈሪ ስለሆንክ ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዘርጋው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ መኝታ ቤት ገባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንድሜ «ባልሽ» ይለኛል፣ ባሌ «ወንድምሽ» ይለኛል። አዳራሹን መሃል ለመሃል በኖራ አሰመሩት። በአንድ በኩል የአንዳርጌ ተማሪዎች ፊታቸውን ሸፍነው ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ በሌላው በኩል የዘርጋው ተማሪዎች ቀጥ ብለው ቆመው ወደ ኋላ ያዘነብላሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ግማሹ መሬት ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልግ፣ ግማሹ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማይ የሚያይ ይመስላል።

እንዲህ ሆነን ኖርን። እስከ አምና ጠብ የሚያስመዘግበው ነዋሪው ራሱ ነበር፤ አምና ኮሪደሩ መስማት ሲጀምር ግን ፍርሃት ገባኝ። መጀመሪያ ላይ ላታልለው ሞከርኩ። ጠዋት በሩን ከፈት አድርጌ ድምፄን እንደ ዘርጋው አወፍሬ «አንዳርጌ! እንዴት አደርክ?» ብዬ ጮኽኩ። ሕንፃው በዚያ በለሰለሰ ድምፁ «ወይዘሮ ማንያህልሻል፣ ጉንፋን ይዞዎታል? ሐኪም እንላክልዎ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት።

አንድ ማክሰኞ፣ ቁርስ ላይ፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ጓንት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርግ ጀመር። በሬን ከፍቼ ወጣሁ። አንዳርጌም በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ ከኋላው የእሱም ጓንት ብልጭ ድርግም ይላል። «ጉዳያችሁ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይታያል» አለ ኮሪደሩ። «መልካም ቀን።»

እጄ ውስጥ የያዝኩት ዳቦ ወደቀ። ዘርጋው ካሸነፈ ወንድሜ ብቻውን ሸኖ ይሄዳል። አንዳርጌ ካሸነፈ እኔና ባሌ እንሄዳለን፤ ወንድሜም ብቻውን ይቀራል። በየትኛውም በኩል ብቻውን የሚቀረው እሱ ነው፣ በየትኛውም በኩል ወንድሜን የማጣው እኔ ነኝ። እነሱ የሚገጥሙት አንዳቸው እንዲያሸንፍ ነው፤ ለእኔ ግን በሁለቱም በኩል መሸነፍ ነበር።

የፎቃችን እድር ሰብሳቢ እትዬ የውብዳር በዚያው ቀን መጡ። ዕድሜያቸው ዘጠናን አልፏል፣ ምላሳቸው ግን ገና ሃያ ነው። ዘርጋውን ከአንዱ ወንበር፣ እኔን ከሌላው አስቀመጡና፣

«ድሮ ቢሆን ከሁለቱ አንዱ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቅ ነበር፤ አለቀ» አሉ። «አሁን አርባኛ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከየት ይምጣ! ለመሆኑ የዚህ ማሽን ደንብ ማምለጫ የለውም?»

«አለው» አልኩ። በየጠዋቱ የምሰማውን በቃሌ አነበነብኩላቸው፦ ጠበኞች የሦስተኛው ዙር ደወል ሳይደወል በፈቃዳቸው ትከሻ ለትከሻ ሰላምታ ከተለዋወጡ ጉዳዩ ያለ አሸናፊ ይዘጋል። «በአፍ አይበቃም፤ ጉዳይ ከተከፈተ በኋላ ሪንግ ውስጥ፣ በትከሻ ነው።»

«ይኸው እንግዲህ!» አሉ እትዬ የውብዳር። «ማን እንዲህ አድርጎ ያውቃል?»

«እስከ ዛሬ ማንም።»

ዘርጋው ከት ብሎ ሳቀ። «ፈሪ የተባልኩት እኔ ነኝ ሄጄ ትከሻዬን የምሰጠው? የሚሰጥ ካለ ይስጠኝ።»

አንዳርጌ ቤት ሄጄም ያው ነው። ምድጃው ላይ ውሃ ጥዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል።

«እትዬ ማኒ፣ ፈሪ ያልኩት እኔ ነኝ» አለኝ ሳይዞር። «ካልኩባት ሰዓት ጀምሮ ይቆጨኛል። ግን አሁን፣ ልንገጥም ስንል ሰላም ብለው፣ ፈርቶ ነው የማይለኝ ማን ይመስልሻል?»

«እና ሸኖ ትሄዳለህ?»

«እኔማ አልሄድም። ያ አቋቋም አይሠራም።»

ቆሽቴ አረረ። ሁለት ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸው ስድሳን የዘለለ፣ አንድ ቃል ከአፋቸው ማውጣት አቅቷቸው እኔን ሊበትኑኝ ነው! ወደ ቤት ስመለስ ዘርጋው መስታወት ፊት ቆሞ ወደ ኋላ ያዘነብላል።

«ደንቡን ስትናገሪ አንድ ነገር ገባኝ» አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ። «ዳኛዋ ትከሻን እንደ ግፊያ አትቆጥርም፤ ሰላምታ ይሆናል ብላ ትጠብቃለች። መያዝ ክልክል ነው፣ መግፋት ክልክል ነው፣ ትከሻ ግን ክልክል አይደለም! በግራ ትከሻዬ ገብቼ በዳሌዬ አሳልፌ እጥለዋለሁ። ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ሪንግ ውስጥ ያልሠራውን።»

«ወገብ ቢቀጭስ?»

«ምንጣፉ ለስላሳ ነው፤ አይጎዳም።»

«የእሱን ማን ጠየቀህ? ያንተን ነው።»

እሑድ ደረሰ። የሕንፃው ሰው ወንበሩን ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሰው ቆሎ ይዟል፤ ሁለት ቡድን ሆኖ ተቀምጧል፤ ጎንበስ ባዮቹ በአንድ በኩል፣ ዘንበል ባዮቹ በአንድ በኩል። የኖራው መስመር በሪንጉ ሥር ያልፋል። ዳኛ የምንላት ከላይ የምትናገር የሴት ድምፅ ናት፤ ፊት የላትም። ለእያንዳንዱ ገጣሚ ውሃ የሚያቀብል አንድ ሰው ይፈቀዳል። እኔ ለሁለቱም ነኝ ብዬ ሁለት ጠርሙስ ይዤ ባዶው ጥግ ላይ ቆምኩ። ዳኛዋ «የየትኛው ወገን ነዎት?» አለችኝ። «የሁለቱም» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ይቀጥሉ» አለች።

የመጀመሪያው ዙር ለዓይን ያሳፍር ነበር። ዘርጋው እንዳለው ቀጥ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ ቆመ። የአንዳርጌን ቡጢ በክንዱ ወደ ጎን ለመጥረግ ይሞክራል፤ ግን የጥንቶቹ የሚጠርጉት ቀጭን ባዶ እጅ ነበር፣ የዛሬው ጓንት ደግሞ የሚያብጥ ነገር ስለሆነ ክንዱን አልፎ፣ ዞሮ ጆሮው ላይ ያርፋል። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ጎንበስ ባዮቹ ጮኹ። ዘርጋው ፊቱ ቀላ። ደወሉ ሲደወል ዳኛዋ «በሰፊ ልዩነት አቶ አንዳርጌ» አለች። ውሃ ሳቀብለው ባሌ ዓይኔን ማየት አልፈለገም። እኔ ደግሞ ዕቃዬን በሐሳቤ ሻንጣ ውስጥ አስገባ ጀመር።

በሁለተኛው ዙር መጥረጉን ተወው። ማዘንበሉን ብቻ ያዘ። አንዳርጌ ይሰነዝራል፣ ዘርጋው ከወገቡ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ ጓንቱ ከአፍንጫው ፊት አየር ላይ አብጦ ይቀራል። ደጋግሞ። ያ ፈሪ ያስባለው ማዘንበል! አንዳርጌ ተናደደና ጠጋ አለ፤ እንደለመደው ሁለቱን ጓንት ፊቱ ላይ ደርድሮ። ዘርጋው አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ ሰነዘረ። ጡጫው እንደዚያ ሲቆም ይጠባል፤ በሁለቱ ጓንቶች መሃል ሾልኮ አገጩን ነካው። ሰው «ኦ!» አለ። አንዳርጌ ክርኑን ከፍ አደረገ፤ ያኔ ሆዱ ተገለጠ። ዘርጋው ዘጠኝ ዓመት የጠበቃትን አንዲት ምት ከደረቱ ሥር አሳረፋት። ጓንቱ ምንም ቢያብጥ ትንፋሽ ትንፋሽ ነው፤ ወንድሜ እጥፍ ብሎ እኔ የቆምኩበት ገመድ ላይ መጣ።

እዚያች ጋ ሆኖ ነው የተናገረው። አፉ ውስጥ የጥርስ መከላከያ አለ፤ እኔና ዘርጋው ግን ቅርብ ስለነበርን ሰማነው።

«ይቺ ትሠራለች» አለ።

ዘርጋው ሊደግመው ያነሳው እጁ አየር ላይ ቆመ። ደወሉ ተደወለ። ባሌ ወደ ጥጉ ሄዶ ተቀመጠ፤ ጠርሙሱን አቀበልኩት። «ሰማሽው?» አለኝ። «ሰማሁ» አልኩት። ውሃውን አልጠጣም።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ዳኛዋ ልዩነቱ ጠባብ መሆኑን ተናገረች። ሁለቱም ደክሟቸዋል። አንዳርጌ ሆዱን ለመሸፈን ክንዱን ዝቅ አድርጎ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ይዞራል። ዘርጋው ይከተለዋል። ደረጃ የለመደ ጉልበት ነው፤ አርባ ፎቅ ሲወርድ የኖረው በከንቱ አልሆነም። ወንድሜ ወደ ጥግ ሲያፈገፍግ እግሩ ተጠላለፈ፤ አንድ እጁን ገመዱ ላይ ጣለ። አሁን ለመጣል የተመቸ ሰው ነበር። ዘንበል ባዮቹ ከወንበራቸው ተነሱ። ምን ሊመጣ እንደሆነ ያውቁታል፤ ሲማሩት ከርመዋላ። «በግራ!» ብለው ጮኹ። ዓይኔን ልሸፍን እጄን አነሳሁ፤ ግን አልሸፈንኩም።

ዘርጋው ገባ። በቀኝ ትከሻው ገባ።

ትከሻው የወንድሜን ትከሻ ገጨው፣ እዚያው ቆየ። ገጨውና ቆየ ብቻ። አንዳርጌ ለአፍታ ደረቀ። ከዚያ ትከሻው በራሱ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ ዘጠኝ ዓመት ያልሠራ ትከሻ አንዴ ገጨ፣ ደግሞ ገጨ፣ ሦስተኛም ጨመረ። «እንዴት ነህ ጋሽ ዘርጌ» አለ፣ በዚያ በተደፈነ አፉ።

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቤተሰብ ሰላም ነው?»

«ጉዳዩ በዕርቅ ተዘግቷል» አለች ዳኛዋ። «አሸናፊ የለም። መልካም ቀን።» ሁለቱም ጓንቶች ፍስስ ብለው ተነፈሱ።

ሰዉ አጉረመረመ፤ ቆሎውን ይዞ የመጣው ይህን ሊያይ አይደለም። የሚገርመው የሁለቱ ሁኔታ ነው። አንዳርጌ ቀና ብሎ «ቆይ እንጂ! ገና ጊዜ አለ፣ ልመታው ነበር!» አለ። ዘርጋውም «እኔ እኮ ልጥለው ስል ነው! ይቀጥልልን!» ብሎ ኮርኒሱ ላይ ጮኸ። እኔ ሁለቱን ጠርሙስ ወርውሬ ገመዱን እንዴት እንደተሻገርኩት አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ! መሃላቸው ገብቼ የሁለቱንም አንገት አንቄ አለቀስኩ። እትዬ የውብዳር ከወንበራቸው ሆነው «ድንጋይ ባይኖርም ይቻላል ለካ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

የኖራው መስመር በማግስቱ ታጠበ። አሁን የእኔ ችግር ሌላ ነው። ሁለቱም አሳንሰሩን የሚሳፈሩት አንድ ላይ ነው፤ አንድ ላይ በተሳፈሩ ቁጥር ደግሞ ይከራከራሉ። ጥንት የሞቱትን ፈረንጆች እየቀሰቀሱ፣ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ክንዳቸውን እያወናጨፉ። የሠላሳ አንደኛ ፎቅ ሰዎች «ከመኳረፋቸው መታረቃቸው ባሰብን» ብለውኛል። እኔ ሻዬን እቀዳለሁ።

ያንን የቀኝ ትከሻ ነገር ለማንም አላነሳሁም። ለዘርጋው ብቻ፣ አንድ ቀን ፍራሽ ሲያነጥፍ አግኝቼው፣ «በቀኝ ነው እኮ የገባኸው» አልኩት።

«ተሳስቼ ነው» አለኝ።

«በግራ ግባ እያልክ ሰው ያሰለቸኸው አንተ?»

«እርጅና ነዋ» አለና አንሶላውን አራገበው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም።

ያለፈው እሑድ ምሳ ላይ ሁለቱም ገበታዬ ላይ ነበሩ። አልጫ ሠርቼአለሁ። ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጡ ጀመሩት።

«ሆድህን ይዘህ ገመድ ላይ ስትንጠለጠል ምን ነበር ያልከው?» አለ ዘርጋው። «ለእህትህ ንገራት።»

«ምንም አላልኩም። አስነጥሶኝ ነው።» አንዳርጌ ሳቁን ከጉርሻው ጋር ዋጠው። «መጥረግ አልሠራ፣ እጅ ዝቅ ማድረግ አልሠራ። ጆሮህን ስልህ አልነበር? አንዲት የሆድ ምት ብትሠራ ጥበቡ ሁሉ ሠራ ይባላል?»

«ማዘንበሉስ?»

«ማዘንበሉ…» አለና አንዳርጌ ቆመ። ሳህኑን እያየ፣ «ማዘንበሉ ፍርሃት አልነበረም፤ ያን ቀን ክፉ ተናግሬአለሁ» አለ።

ዘርጋው እንጀራውን ጠቅልሎ አነሳና ወንድሜን አጎረሰው። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ ወንድሜ ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻለም።

ሲውጠው ወደ እኔ ዞረ። «እሺ እትዬ ማኒ፣ አንቺ ፍረጂ። ያ የድሮ ቡጢ ዛሬ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

ባሌን አየሁት። ዓይኑን ሰበር አድርጎ እንጀራ ይቆርሳል።

«ይሠራል» አልኩ። «እኔ ቤት ሠርቷል።»

«ለባልሽ አዳላሽ!» ብሎ አንዳርጌ እጁን አወናጨፈ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ተማሪዎቹ እየጠበቁት እንደሆነ ትዝ ብሎት፣ የሁለታችንንም ትከሻ ገጭቶ እየሮጠ ወጣ። ሳህኑን አላጠበውም። የተረፈው እንጀራ፣ አልጫው፣ የተጋጠው አጥንት ሁሉ እንዳለ ገበታዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ፣ ልክ ልጅ ሳለ እናታችን ቤት እንደሚያደርገው። ዘርጋው ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ ከለከልኩት። ራሴ አነሳሁት፤ እያንጎራጎርኩም አጠብኩት።